ጉዳዩ፦ የመሪው መላላት

ይድረስ ለአዲሱ ኦፕሬተራችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለወንበሩ እንኳን አበቃዎት። ማኅበሩ ትራክተሩን ሲያስረክብዎት እኔ ከሥሩ ተኝቼ የዘይት መክደኛ ሳጠብቅ ስለነበር ጭብጨባውን እንጂ ንግግሩን በቅጡ አልሰማሁትም። ረዳቶችዎ እንደነገሩኝ ከመጪው ሰኔ በፊት ሜዳው ሁሉ ይታረሳል ብለዋል። አሜን ነው። እኔ የጋራዥ ሽማግሌ ነኝ፤ የተሰጠኝ ሥልጣን ብሎን የማጥበቅ እንጂ ተስፋ የመስጠት አይደለም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኝ አንድ ትራክተር» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔም እንደማንኛውም ሰው ፈርሜበታለሁ። ያልተጻፈውን በዚህ ደብዳቤ ልሙላልዎት።

ማሽኑ ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር፣ ስድስት የፊትና ሁለት የኋላ ማርሽ። እንግሊዞቹ ኮቨንትሪ ላይ ይህን ሞዴል ማውጣት የጀመሩት እንደ ፈረንጆቹ በ1964 ነው። የእኛው አርሲ የገባው ስዊድኖቹ አሰላ ላይ የጭላሎን እርሻ ልማት፣ ካዱን፣ በከፈቱ ሰሞን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ካዱ የመጣው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ስንዴውን እንዴት እንዳቆመው ያዩ ባለመሬቶች ግን ከእኩል አራሽ ጋር ከመካፈል ትራክተር መግዛት ይሻላል አሉ። የትራክተሩ ጭስ በወጣ ቁጥር የጭሰኛው ጎጆ ጭስ ጠፋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጣና መሬት ለአራሹ ሆነ። በእኛ ሜዳ ላይ የሚያርሰው ትራክተሩ ስለነበር መሬቱ ለትራክተሩ ደረሰ፤ ትራክተሩ ደግሞ ለመንግሥት እርሻ። ከዚያ ወዲህ ሲንከባለል መጥቶ ማኅበሩ እጅ ገባ። ባለቤቱ ማን ነው ቢሉኝ፣ ወረቀቱ «ሕዝብ» ይላል። ቁልፉ ግን ምንጊዜም ወንበሩ ላይ ካለው ሰው ኪስ ነው።

ከእርስዎ በፊት ስለተቀመጡት ጥቂት ልበል፤ ወንበሩን እንዲያውቁት ብዬ እንጂ ሐሜት ወድጄ አይደለም። የመጀመሪያው ረጅም ዘመን ነዳ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላም መሪውን ለማንም አላስነካም፤ በመጨረሻ በአንዲት ትንሽ መኪና መጥተው ወሰዱት። ሁለተኛው ፉከራ ይወድ ነበር። «ከዚህ ወንበር የሚያወርደኝ አልተወለደም» ሲል ሲል ከርሞ፣ አንድ ማለዳ «ታች ያለውን ማሳ አይቼ ልምጣ» ብሎ ሞተሩን እንዳስነሳ ተወውና እንደወጣ ቀረ። ደህና ነው ይላሉ፤ ሩቅ ቦታ፣ የሰው እርሻ ላይ አለ። ሦስተኛው የመመሪያውን መጽሐፍ በቃሉ የሚያውቅ ብልህ ሰው ነበር፤ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሞት ቀደመው። ቀጥሎ ረዳቱ ጥቂት ጊዜ ይዞት ነበር፤ እሱ መሪውን ይያዝ መሪው እሱን ይያዘው እስካሁን አልገባኝም። «ልውረድ» ብሎ በገዛ እግሩ የወረደ ግን እሱ ብቻ ነው። መውጫ መርገጫው ደህና ነው፣ አይስጉ። ችግሩ መሬቱ ከታች ሲያዩት ቅርብ፣ ከወንበሩ ላይ ሲያዩት ሩቅ መሆኑ ነው። ወንበሩም እርሻ ሲበዛ ከሥሩ ይሞቃል። ከበታቹ የሚፈላ የካምቢዮ ዘይት ስላለ ነው እንጂ የማንም ሴራ አይደለም።

የቀለሙን ነገር በአጭሩ። ሲመጣ ኮፈኑ ቀይ፣ ሆዱ ግራጫ ነበር። ሁለተኛው ኦፕሬተር «ይህ ግራጫ ምን ያመነታል?» ብሎ ሆዱንም ቸርኬውንም ቀይ አለበሰው። ሦስተኛው ያን ሁሉ ፋቀና ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቀለም ሰጠ፤ ኮፈኑ ሌላ፣ ፓራፋንጎው ሌላ፣ አራቱም ጎማ አራት ዓይነት። መመሪያው መጽሐፍ ላይም «ማንኛውም ክፍል በፈለገ ጊዜ ብሎኑን ፈትቶ የመሄድ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል አንቀጽ በእጁ ጻፈበት። ኪያቤውን ግን ከኪሱ አውጥቶ አያውቅም። እርስዎ ደግሞ ኮፈኑን ዙሪያውን መብራት አስተክለውለታል። በእውነት ያምራል፤ ማታ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። አንድ ነገር ብቻ፦ ባትሪው አንድ ነው። ሌሊቱን ለመብራት ያደረ ጉልበት ጠዋት ሞተሪኖውን አያዞርም፤ ስለዚህ በየማለዳው ትራክተሩን ወደ ቁልቁለቱ እየገፉ የሚያስነሱት ገበሬዎቹ ናቸው። መብራቱን ግን ተኝተው ስለሚያድሩ አያዩትም፤ ቅር አላላቸውም ብለን እንያዘው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መሪው ልል ነው። ይዞራል፤ ወደ ግራ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ አንዳንዴም ሩቅ ዞሮ ይመለሳል፤ ማሳው ላይ ግን የደረሰ ነገር የለም። ጎማው ወሬውንም አልሰማም። ሰው ይህን ሲያይ «ችግሩ መሪው ነው» ይልና መሪው ይቀየር ብሎ ይጮኻል። ቀየርን። ደግመን ቀየርን። አዲሱ መሪ እጅ ላይ ደስ ይላል፣ ለስላሳ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያው ሩብ ዙር ባዶውን ይሄዳል። ነገሩ ከመሪው እስከ ጎማው ባለው መካከል ነው። በመሪው ዘንግ ሥር ያለው ሳጥን፣ ከሳጥኑ የሚወጡት ክንዶች፣ ክንዶቹን ከጎማ የሚያገናኙት ዘንጎች፣ የየዘንጉ ጫፍ ላይ ያሉት ኳሶች፣ ሁሉም በልተዋል። አንድ በአንድ ፈትቼ ሳያቸው ማንም ብዙ አልበላም፤ እያንዳንዱ ቢጠየቅ «እኔ የበላሁት የፀጉር ታህል ናት» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ሲደመር ግን ከመሪው የወጣውን ትእዛዝ በሙሉ ውጦ ያስቀረዋል። እነዚህን መቀየር ደግሞ ለፎቶ አይመችም። ግሪስ አለው፣ ጀርባ ላይ መተኛት አለው፣ የተቀየረውም ነገር ከላይ አይታይም።

ከመሪው ቀጥሎ ፍሬኑ። ሁለት ፔዳል ነው፤ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን የኋላ ጎማ ይይዛል፤ መንገድ ላይ ሲወጡ በመቀርቀሪያ ይያያዛሉ። ሁለተኛው ኦፕሬተር እግሩ በግራው ፔዳል ላይ ከባድ ነበር። ዘመኑን ሙሉ በአንድ ቦታ እየዞርን ግራ ገብቶን ኖርን።

የዘይት ግፊት መለኪያውን እንዳያምኑት። አንድ ክረምት መርፌዋ ወደ ቀዩ ወርዳ አልነሳ አለች። የነበረው ኦፕሬተር ዘይቱን ከማየት ይልቅ መርፌዋን አየ፤ ሥራ አስኪያጁ ፊት ታሳጣኛለች አለና መስታወቱን አስከፍቶ አረንጓዴው ላይ በሙጫ አጣበቃት። ከዚያ ወዲህ መለኪያችን ሞተሩ ቆሞም ቢሆን ጤና ነው ይላል። ሌላው አስደሳች ዕቃ ሰዓት ቆጣሪው ነው። የሚቆጥረው የሞተሩን ዙር እንጂ የታረሰውን ትልም አይደለም። ይህን የደረሱበት ረዳቶች ትራክተሩን ዋርካ ሥር አቁመው ናፍታ ይሰጡታል፤ ቆጣሪው ይሮጣል። በሪፖርቱ መሠረት የእርሻችን ዕድገት ባለ ሁለት አሃዝ ነው። ስንዴውን ግን ከሌላ ቦታ ነው የምንገዛው።

ጭሱንም ሥራ ብለው እንዳይመዘግቡት። ጥቁር ሲሆን ናፍታው በዝቶ አየር አንሶታል፤ ሰማያዊ ሲሆን የገዛ ዘይቱን እየበላ ነው፤ ነጭ ሲሆን የተሰጠውን ሳያቃጥል እየተፋ ነው። የእኛው በአንድ ማለዳ ሦስቱንም ያሳያል፣ እንግዳ ካለ።

ሞተሩን ባለፈው ጥቅምት ፈተሽኩት። የጥንት ዘዴ ነው፤ መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ሳለ ከኢንጀክተሮቹ የአንዱን የናፍታ ቱቦ ማሰሪያ በኪያቤ ላላ ያደርጉታል። ያ ሲሊንደር በእርግጥ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይሰናከላል፤ ድምፁ ካልተለወጠ ግን ኖረም አልኖረም ማለት ነው። የመጀመሪያውን አላላሁት፤ ምንም አልተለወጠም። ሦስተኛውን አላላሁት፤ አንዴ አሳለና ዝም አለ። መካከለኛውን ስነካው ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሦስቱ የተሠሩት በየተራቸው እኩል እንዲገፉ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። አሁን የሚያቃጥለው መካከለኛው ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ እሱ ሲገፋቸው ይወጣሉ፣ ሲስባቸው ይወርዳሉ፤ ሁልጊዜም በአንድ ድምፅ። ከውጭ ላያቸው ሥራ የበዛባቸው ይመስላሉ፣ ናፍታቸውንም በሙሉ ይወስዳሉ። እንዲህ ያለ ሞተር ጥላ ሥር ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ሊውል ይችላል። ማረሻ ሲያያዝበት ነው የሚሞተው።

ቴስታታውን አስከፍተው እንዲታደስ ካዘዙ፣ ሲገጠም ስለ ቫልቮቹ ክፍተት አደራ እላለሁ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ 0.30 ሚሊ ሜትር ይተዋል፤ የቪዚት ካርድ ውፍረት ታህላለች። ሦስተኛው ኦፕሬተር ይህችን ክፍተት «ጠላት የሚገባባት ቀዳዳ» ነው ብሎ ጥርቅም አድርጎ አስጠበቃት። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። መፈናፈኛ ያጣ ቫልቭ ደግሞ አፉ አይገጥምም፤ እሳቱ በዚያች በር እየወጣ ጫፉን ይበላዋል። ሞተሩ የጮኸው ለዚህ ነበር፣ እሱ ግን «ሁከት ነው» ብሎ ማርሚታ ጨመረበት።

አየር ሲገባበት ምን እንደሚደረግ በዝርዝር ልጻፍ፣ ምክንያቱም ይህ በየክረምቱ ይመጣል። የናፍታ ሞተር ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ጋኑ ሙሉ ሆኖ እንኳ በቱቦው መካከል የታፈነች ትንሽ አየር ታቆመዋለች። ኦፕሬተሩ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ይጫናል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ከዚያ ስድብ ይጀመራል። ስድብ አያስነሳውም። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ብሎን ግማሽ ዙር ይፍቱ፤ የእጅ ፓምፑን ምላስ በአውራ ጣት ቀስ እያሉ ይጫኑ። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ ነው፤ ያጉረመርማል፣ ይተፋል፣ ልብስም ይነካል። አይዝጉት። አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍታ ሲወርድ ያን ጊዜ ያጥብቁ። ቀጥሎ በናፍታ ፓምፑ ላይ ወዳሉት ይሂዱ፣ እዚያም እንዲሁ። በመጨረሻ የኢንጀክተሮቹን ማሰሪያ አላልተው ሞተሪኖውን ያዙሩ፤ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ያጥብቁ። ሞተሩ አንዴ ይስላል፣ ይንገዳገዳል፣ ይነሳል። ሥራውን የሚያውቅ ኦፕሬተር ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድበትም። የእኛዎቹ ግን አረፋው ጫማ አበላሸ እያሉ ማስተንፈሻዎቹን በየተራ በብየዳ ደፈኗቸው። አንዷን ባለፈው ዓመት በመጋዝ ቆርጬ ከፍቼያታለሁ። ማን እንደፈቀደልኝ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ መልሱን እያሰብኩበት ነው።

አሁን ስለ ዲፈረንሻሉ። ለዚህ ማሽን መከራ ሁሉ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው ብል አላፍርበትም። ዲፈረንሻል የተፈጠረው ለበጎ ነው፤ ሲታጠፉ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይልቅ ብዙ መንገድ ስላለው፣ ሁለቱ በየፍጥነታቸው እንዲዞሩ ይፈቅዳል። መረሬ ጭቃ ላይ ግን ጠባዩ ይለወጣል። አንዱ ጎማ ደረቅ መሬት ቆንጥጦ ቆሟል፣ ሌላው ጭቃ ውስጥ ይዋኛል እንበል። ዲፈረንሻሉ ዙሩን ሁሉ የሚሰጠው ለሚዋኘው ነው። መሬት የያዘው፣ ትራክተሩን ሊያወጣው የሚችለው፣ ባዶ እጁን ቆሞ ይመለከታል። የሚንሸራተተው ጭቃ ወደ ሰማይ እየረጨ ይሽከረከራል፤ የተረጨው ደግሞ ሄዶ የሚያርፈው ከኋላ ቆመው በሚገፉት ገበሬዎች ፊት ላይ ነው።

ሦስተኛው ኦፕሬተር ይህን ሁኔታ ዞር ብሎ አየና ግምገማ ጠራ። የሚሽከረከረውን ጎማ «ታታሪ» ብሎ አዲስ ጎማ ሸለመው። የቆመውን ደግሞ ለምን እንደቆመ ሂስ እንዲያወርድ አዘዘው። ጎማ አፍ ቢኖረው ኖሮ አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

መድኃኒቱ ማሽኑ ላይ አለ። በቀኝ ተረከዝ የሚረገጥ መቆለፊያ ፔዳል አለው፤ ሲረገጥ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ግድ ይላቸዋል። ሲንሸራተት ቆም ብሎ መርገጥ፣ ጭቃውን ሲወጡ መልቀቅ፤ እንደተቆለፈ ለመታጠፍ መሞከር ግን ጥርስ ይሰብራል። ፔዳሉ መመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉ አለ፣ ከነስሙ፣ በደማቅ ቀለም። ማሽኑ ላይ ያለው ግን ከዝገት የተነሳ አይወርድም። በየዓመቱ በበዓል ቀን ረዳቶች መጥተው ዙሪያውን ያስጌጡታል እንጂ ጠብታ ዘይት ያደረገለት የለም።

የመለዋወጫው ነገር የታወቀ ነው፤ በዶላር ነው፣ ዶላሩ የለም። በዚህ ምክንያት በአንድ ወቅት አማካሪዎች ከውጭ መጥተው ነበር። ንጹሕ ቱታ ለብሰዋል፣ ትራክተሩን ሳይነኩ ዞሩት። ሐሳባቸው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ለግል ሸጠን፣ በገንዘቡ ብድራችንን ከፍለን፣ ከዚያ ከገዢዎቹ ላይ ጎማ እየተከራየን እንድንነዳ ነበር። ከዚህ በፊት እንዲህ ያደረጉ አገሮች አሉ ወይ ስላቸው፣ በጣም ብዙ አሉ። ታዲያ እርሻቸው እንዴት ሆነ ስል፣ ስብሰባው ለሻይ ተበተነ።

ፓራፋንጎው ላይ ስለሚቀመጡት። ትራክተር አንድ ወንበር ነው ያለው። ሆኖም አዲስ ኦፕሬተር በመጣ ቁጥር በግራና በቀኝ ፓራፋንጎ ላይ አጃቢ ይሰፍራል፤ አንዱ መንገዱን ይጠቁማል፣ ሌላው «በጣም ቀጥ ብሎ እየታረሰ ነው» ይላል። ሁለቱም ወደፊት ያያሉ፤ ትልሙ ደግሞ ያለው ከኋላ ነው። ክብደታቸው የኋላውን ሲጫን የትራክተሩ አፍንጫ ይቀላል። ድሮ ከፊት የሚንጠለጠሉ ከባድ የብረት ሚዛኖች ነበሩት፣ ያረጁ፣ መልክ የሌላቸው፣ ዝም ብለው ራሱን የሚያረጋጉ። «ምን ይሠራሉ?» ተብለው ተፈትተው ምናለሽ ተራ ተሸጡ። ራሱ የቀለለ ትራክተር የፊት ጎማው መሬት አይነካም፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱም የሰው ነፍስ ያለበት ስለሆነ ቀልድ አልጨምርበትም። ሐምሌ ላይ የኋላ ጎማው እስከ መካከሉ ሲሰምጥ፣ ከረዳቶችዎ አንዱ «ግንድ አምጡና ከጎማው ጋር በሰንሰለት እንሰረው፤ በግንዱ ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣል» ይልዎታል። ይህ ምክር ሁልጊዜ ይመጣል፣ ሁልጊዜም ብልህ ይመስላል። አይስሙት። ጎማው ታስሮ መዞር ከተከለከለ፣ ሞተሩም መግፋቱን ካላቆመ፣ ጉልበቱ የሚዞር ነገር መፈለጉ አይቀርም፤ የታሰረው ጎማ ባለበት ይቆማል፣ ትራክተሩ በጎማው ዙሪያ ይዞራል። አፍንጫው ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ እግር ፍሪሲዮን እስኪያገኝ አይጠብቅም። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ከወንበሩ ሥር ይሆናል። ፓራፋንጎው ላይ ያሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ይዘላሉ።

ስለዚህ ሲሰምጥ ተጎታቹን ይፍቱለት፣ ጭነቱን ያውርዱ፣ ከጎማው በስተኋላ ያለውን ጭቃ ያስቆፍሩ፣ በገባበት መንገድ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያውጡት። ሁለት የኋላ ማርሽ እንዳለው ከላይ ገልጫለሁ። እስካሁን የተጠቀመባቸው ስለሌለ ጥርሳቸው አዲስ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋራዡ መካኒክ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
በፓራፋንጎው ግራና ቀኝ ለሚገኙ ረዳቶች
ለእርሻ በሬዎቹ፤ እንዲዘጋጁ